በሙሉ ድምፅ

ቬርላ ሆቭላንድ ሰው ደጅ መቆም አትወድም ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ ኖራለች፤ በዚያ ሥራ በሩን ከፍቶ መጠበቅ ነው እንጂ ሰው ፍለጋ መዞር የለም። ጡረታ በወጣች በዓመቱ ግን ዊንተን ኬልሶ የሚባል ሰው መጣና በበረዶ ውስጥ ቤት ለቤት የምትዞር ሴት አደረጋት።

ኬልሶ የሌላ ግዛት ሴናተር ነው። ፕሬዚዳንት መሆን ፈለገና እንደ ሌሎቹ ሁሉ መጀመሪያ ወደ አዮዋ መጣ። ለአዮዋ ሰው ዕጩ ብርቅ አይደለም። በየአራት ዓመቱ ይጎርፋሉ፤ እጅጌያቸውን ሰብስበው በቆሎ ይግጣሉ፣ ሥጋው ከዳቦው የሰፋ የአሳማ ሳንዱች ይዘው ፎቶ ይነሳሉ፣ የሰው ሕፃን ያቅፋሉ፣ ከዚያ አቧራ አስነስተው ወደሚቀጥለው ከተማ ይነጉዳሉ። የቬርላ ትንሽ ከተማ ሃልቮር ላይ የሚቆዩት መኪናቸው ነዳጅ እስኪቀዳ ያህል ነው። ኬልሶ ግን በገበሬዎቹ ማኅበር ጎተራ ውስጥ የማዳበሪያ ከረጢት ላይ ተቀምጦ፣ ሰው የጠየቀውን እስከ መጨረሻው አድምጦ መለሰ። የጠየቁት ስለ ቧንቧው ነበር።

ቧንቧው ገና አልተቀበረም። አንድ ኩባንያ ከበቆሎ ነዳጅ ከሚያወጡት ፋብሪካዎች የሚወጣውን ጋዝ ሰብስቦ በሰው እርሻ ሥር በሚቀበር ቧንቧ አሳልፎ ሩቅ ቦታ ምድር ውስጥ ሊያጠራቅመው አስቧል። የፈረመ ገበሬ ካሳውን ይቀበላል። ያልፈረመው ደግሞ፣ መንግሥት ለኩባንያው ከፈቀደ፣ በፍርድ ቤት ተገዶ ይሰጣል።

"ባለቤቱ እሺ ሳይል አንድ አካፋ አፈር አይነሳም" አለ ኬልሶ። "እኔ እያለሁ አይሆንም።"

ቬርላ ከኋላ ቆማ ነበር። ሲወጣ እጇን ጨበጠ፣ ስሟን ጠየቀ፣ ከነገረችው በኋላ መልሶ ጠራው። በዚያው ደጋፊው ሆና ቀረች።

"ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት" አለ ባሏ ዱዌን፣ እራት ላይ።

"እሱ ሲል ግን አይን አይኑን አይቼዋለሁ።"

"እኔም ላም ስገዛ አይን አይኗን ነው የማየው። ወተቱን ያየሁት ግን ቤት ካመጣኋት በኋላ ነው።"

ከዚያ ወዲያ ቬርላ ቤት አልተቀመጠችም። በረዶ ሲጥል ቦት ጫማዋን አጥልቃ፣ የኬልሶን የቅስቀሳ ወረቀት በክንዷ ሥር ይዛ ትወጣለች። ውሻ አባሯታል። አንድ ሰውዬ በሩን ከፍቶ፣ አይቷት፣ ምንም ሳይናገር መልሶ ዘግቶባታል። እንደዚያ ባለው ቀን መኪናዋ ውስጥ ገብታ ትንሽ ትቀመጥና ወደሚቀጥለው ቤት ትሄዳለች።

"የኔን በር መቼ ነው የምታንኳኪው?" ይላታል ዱዌን ከሶፋው ላይ።

"ያንተማ ምን ያደርግልኛል፤ ተነስተህ እስክትከፍት ምርጫው ያልፋል።"

የፓርቲው ሰዎች ተሰብስበው ዕጩ የሚመርጡበት የካውከሱ ምሽት ደረሰ። በሃልቮር ካውከስ የሚደረገው የትምህርት ቤቱ የቅርጫት ኳስ ሜዳ ውስጥ ነው። የምስጢር ወረቀት የለም፤ ሰው በእግሩ ነው የሚመርጠው። የዚህ ዕጩ ደጋፊዎች በዚያ ጥግ፣ የዚያ ደጋፊዎች በዚህ ጥግ ይቆማሉ፤ ጎረቤት ጎረቤቱን እያየ። ከአዳራሹ ሰው ከመቶው አሥራ አምስቱን እጅ ያልያዘ ጥግ ይፈርሳል። የፈረሰበት ሰው ወይ ወደ ሌላ ጥግ ይሻገራል፣ ወይ ቤቱ ይሄዳል። በዚያች የመሻገሪያ ጊዜ ውስጥ አዳራሹ ገበያ ይሆናል፤ ሰው ሰውን በእጁ ይጎትታል፣ ያባብላል፣ የድሮ ውለታ ያነሳል።

የመጀመሪያው ቆጠራ ሲያልቅ የአገረ ገዢዋ የካሮላይን ባክስተር ጥግ ሞልቶ ፈሰሰ። ባክስተር ቧንቧው ያልፋል የምትል ናት፤ ለሥራ ዕድልም ለአየሩም ይጠቅማል ትላለች። የኬልሶ ጥግ አንድ ሰው ጎደለው። አንድ ሰው ብቻ። ቬርላ ዙሪያዋን ስታይ ኔልዳ ፍሪስ ካፖርቷን እየቆለፈች ወደ በሩ ስትሄድ አየቻት።

ኔልዳ ከልጅነት ጀምሮ ጓደኛዋ ናት። ባሏ አርሎ ከሞተ በኋላ እርሻውን አከራይታ ቤቱ ውስጥ ብቻዋን ትኖራለች። ቧንቧው የሚያልፈው በሷ መሬት መሐል ነው። ያ መሬት ድሮ ረግረግ ነበር። አርሎ በወጣትነቱ በየክረምቱ እየቆፈረ ውሃ የሚያፋስሱ የሸክላ ቱቦዎች ቀብሮበት ነው እርሻ ያደረገው። ቱቦው የት የት እንደተቀበረ የምታውቀው አሁን እሷ ብቻ ናት። የኩባንያው ሰዎች ሲመጡ ይህን ልታስረዳቸው ሞክራ፣ አንደኛው ልጅ እግር ሰዓቱን ሲያይ ተወችው። አልፈረመችም።

በዚያ ምሽት የቆመችው ለአንድ ሽማግሌ ዳኛ ነበር። የዳኛው ጥግ ፈርሷል።

"ወዴት ነው?" አለቻት ቬርላ፣ እየሮጠች ደርሳ።

"ቤቴ ነዋ።"

"ገና እኮ አላለቀም።"

"የኔማ አለቀ። ዳኛው ያገኙት ሦስት ሰው ነው፤ አንዱም የመጣው ሙቀት ፈልጎ ነው።"

ከባክስተር ጥግ ዴል ኦስትራንደር አያቸው። ዴል የአውራጃው የፓርቲ ሊቀ መንበር ነው፤ ድምፁ ትልቅ፣ ሆዱም ትልቅ። "ኔልዳ፣ ወዲህ ነዪ" አለ። "እኛ ጋ ወንበርም ብስኩትም አለ።"

"ብስኩቱን ማን ጋገረው?"

"ሚስቴ።"

"እንግዲያው ይቅርብኝ" አለች ኔልዳ፤ የአዳራሹ ግማሽ ሳቀ፤ የዴል ሚስትም ሳትወድ በግዷ ሳቀች።

ቬርላ የጓደኛዋን እጅጌ ያዘች። "ወደኛ ነዪ ኔልዳ። አንድ ሰው ነው የጎደለን።"

"ኬልሶን አልወደውም። ፊቱ በጣም ያምራል። ፊቱ እንደዚያ የሚያምር ሰው ሥራ ሠርቶ አያውቅም።"

"ፊቱን አይደለም የምትመርጪው። ቧንቧውን ነው።"

 ኔልዳ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ቢከዳስ?" አለች። "እነዚህ ሰዎች እስኪተላለቁ ይሰዳደቡና መጨረሻ ላይ ይሳሳማሉ። ከባክስተር ጋር ቢስማማስ?"

"እሱ ቢስማማ እኔ አልስማማም።"

"አንቺ ማነሽና?"

"ማንም አይደለሁም። ግን እስከ መጨረሻው እሄዳለሁ፤ እስከ ፓርቲው ትልቁ ጉባኤ ድረስ። እዚያም ቢሆን ቆሜ አይሆንም እላለሁ። ቃሌ ነው።"

ቬርላ ይህን ስትል ቶሎ አምልጧት አልነበረም፤ እያወቀች፣ እየመረጠች ነው ያለችው። ኔልዳ ፊቷን ትንሽ አጠናችው። ከዚያ የካፖርቷን ቁልፎች እየፈታች ሜዳው ላይ የተቀባውን መስመር ተሻገረችና ከኬልሶ ሰዎች ጋር ቆመች። ጥጉ ሞላ። ሲያጨበጭቡላት፣ "አታጨብጭቡ፤ ለሷ ብዬ ነው" አለች፣ ቬርላን እያሳየች።

የቀረውን ክረምትና ጸደዩን ቬርላ ከቴሌቪዥን ጋር አሳለፈችው። ምርጫው ከግዛት ግዛት ዞረ። ኬልሶ በበረዶው አገር አሸነፈ፣ ደቡብ ላይ ተመታ፣ ዊስኮንሲን ላይ እንደገና ቀና አለ። እሷም በበኩሏ ከመንደር ወደ አውራጃ፣ ከአውራጃ ወደ ግዛት ስብሰባ ሄደች፤ በየደረሰችበት የኬልሶ ሰዎች ይመርጧታል። ተራ በተራ ሌሎቹ ሰለቻቸው፤ የአንዱ ላም ወለደች፣ የሌላው ልጅ ተዳረች። እሷ አልሰለቻትም። በመጨረሻ የፓርቲው ዕጩ ወደሚታወጅበት ትልቁ ጉባኤ ተወካይ ሆና የምትላክ ሆነች።

የመጓጓዣዋን ገንዘብ ለመሸፈን ከተማው ተረባረበ። ቅዳሜ ጠዋት የእሳት አደጋ መኪናዎቹን አውጥተው፣ በቦታቸው ጠረጴዛ ደርድረው ፓንኬክ ሸጡላት። ከምጣዱ ኋላ የቆመችው ኔልዳ ነበረች። ለመጣው ሁሉ ሳህኑን ስትሰጥ፣ "እሷ እኮ እዚያ ሄዳ አይሆንም ልትል ነው" ትላለች። "ብሉ፤ ደህና አድርጋችሁ ብሉ፤ አይሆንም ማለት ወጪ አለው።"

"ለማን ነው አይሆንም የምትለው?" አለ አንዱ።

"ለመጣው ሁሉ።"

በጉባኤው ሳምንት የነበረው ነገር እንዲህ ነው፤ ባክስተር ትመራለች፣ ግን ከተወካዮቹ ግማሹን አላለፈችም። የሚጎድላት ኬልሶ እጅ ላይ ነው። ቬርላ አውሮፕላን ላይ ስትሳፈር ሬዲዮው ኬልሶ የባክስተር ምክትል ሊሆን ነው ማለት ጀምሮ ነበር። ሆቴሏ እንደደረሰች ኔልዳ ደወለች።

"የሚወራው እውነት ነው?"

"ወሬ ነው። በየሰዓቱ አዲስ ነው የሚያወሩት።"

"እውነት ከሆነስ?"

"ከሆነም የነገርኩሽን አውቃለሁ።"

"እሱንማ አውቃለሁ" አለች ኔልዳ። "ለመስማት ብዬ ነው።" ከዚያ እዚያ ያለው አልጋ ይመቻል ወይ ብላ ጠየቀቻት።

በማግስቱ ጠዋት የአዮዋ ተወካዮች በሆቴሉ የምድር ቤት አዳራሽ ቁርስ ላይ ሳሉ ኬልሶ ገባ። ጠረጴዛቸው ላይ የቀዘቀዘ እንቁላል ነበር። ወሬው እውነት መሆኑን እሱ ሳይናገር አወቁት፤ ከጎኑ የቆሙት ጠባቂዎች በዝተው ነበርና። አጭር ንግግር አደረገ። አንድ መሆን፣ አገር፣ ታሪክ የሚሉ ቃላት ነበሩበት። ዛሬ ማታ ራሱ መድረክ ላይ ወጥቶ የባክስተርን ዕጩነት ጉባኤው በአንድ አፍ እንዲያጸድቅ ይጠይቃል። ድምፁ በየግዛቱ አይቆጠርም፤ አዳራሹ በሙሉ እሺ ብሎ ይጮሃል፣ ያልቃል። "የኔ የሆናችሁ ሁሉ አብራችሁኝ እንድትጮሁ ነው የምለምናችሁ" አለ።

አንዳንዶቹ አለቀሱ። አንድ መምህር ሳህኑን ገፍቶ ወጣ። ቬርላ ሹካዋን እንደያዘች ቀረች።

ኬልሶ በየጠረጴዛው መዞር ጀመረ። ወደሷ ሊደርስ ሲል አንዲት ረዳቱ ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ ስታንሾካሹክ ቬርላ አየች። በደንብ ነው ያየችው። ቀጥሎ ኬልሶ ፊቱ በርቶ እጆቹን ዘረጋ።

"ቬርላ። በበረዶ ውስጥ በር ያንኳኩልኝ ቬርላ።"

ስሟን ከረዳቱ አፍ እንዳገኘው እያወቀች ደረቷ ሞቀ። ይህን በኋላ ብዙ ጊዜ አስባዋለች፤ አለማወቅ ቢሆን ይሻላት ነበር።

ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። ሌሎቹ ሲያዩአቸው ታወቃት።

"ቧንቧውስ?" አለች።

"እሱን አልረሳሁትም። ግን ከውጭ የሚጮህን ሰው ማን ይሰማዋል? ውስጥ ከገባሁ ነው የምታገልለት።"

"ለአንዲት ጓደኛዬ ቃል ገብቼላታለሁ። አይሆንም እላለሁ ብዬ።"

"ገባኝ" አለ፣ እጇን በሁለት እጆቹ እንደያዘ። "ግን ዛሬ አንድ ሰው ካፈነገጠ ነገ ጋዜጣው የሚጽፈው ስለሱ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ የደከምንበት ለዚያ ነው? ለጓደኛዎ እኔ ራሴ እደውልላታለሁ። ራሴ አስረዳታለሁ።"

"እውነት?"

"ዛሬውኑ።"

ተነስቶ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ሄደ። የኔልዳን ስም አልጠየቀም። ስልኳንም አልጠየቀም። ቬርላ ተከትላው ልትነግረው ግማሽ ተነሳች፤ ግን ከሌላ ሰው ጋር ፎቶ እየተነሳ ስለነበር ተመልሳ ተቀመጠች።

ማታ ጉባኤው አዳራሽ ሲገቡ የኬልሶን ስም የያዙት ምልክቶች ከየወንበሩ ተሰብስበው ነበር። በምትኩ ሁለቱ ስሞች አንድ ላይ የታተሙበት አዲስ ምልክት ተቀምጧል፤ ቀለሙ ገና ይሸታል። ዴል ኦስትራንደር የሚያበራ ቢጫ ሰደርያ ለብሶ የአዮዋን ሰዎች ይዞራል። ሰደርያውን የሚለብሱት ተወካዮቹን በመስመር የሚያሲዙት ናቸው። ቬርላ አጠገብ መጣና ቆመ፤ ከዚያም አልሄደም።

"ጉሮሮሽን ጠርገሻል?" አላት።

"ለምን?"

"ለመዘመር። ዛሬ ሁላችንም አንድ መዘምራን ነን።"

"እኔ ዘፈን አልችልም።"

"ይህ አንድ ቃል ብቻ ነው ያለው፤ አይከብድሽም።"

 ቬርላ የምትለውን ታውቃለች። ጠዋት ከኬልሶ ጋር ስትነጋገር እሺ አላለችውም፤ ቀኑን ሙሉ ይህን ለራሷ ስትነግር ነው የዋለችው። አንድ ነገር ግን ያጽናናት ነበር፤ አዳራሹ ይህን ያህል ሰው ይዞ እሷ አይሆንም ብትል ማን ይሰማታል? ብትል ማንንም አትጎዳም፣ ቃሏንም ትጠብቃለች።

ኬልሶ መድረኩ ላይ ወጣ። በየግዛቱ የመቁጠሩ ደንብ ቀርቶ አገረ ገዢ ባክስተር በሙሉ ድምፅ እንዲመረጡ ጉባኤውን ጠየቀ። ሰብሳቢዋ መዶሻዋን ይዛ ቀረበች።

"የምትደግፉ፣ እሺ በሉ።"

የተነሳው ድምፅ ከወለሉ በጫማዋ በኩል ገባ። መቶ ሺህ ወፍ አንድ ጊዜ እንደሚነሳ ዓይነት ነበር። ቬርላ በድምፁ መሐል አንድ የምታውቀው ድምፅ ሰማች፤ ትንሽ ሻካራ፣ ከሌሎቹ ከፍ ያለ። የሷ ነበር። አፏ ተከፍቶ እሺ ብላለች። አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን፣ ሰዉ እንደደገመው ደግማዋለች፤ ምልክቱንም ሳታስበው ከፍ አድርጋዋለች።

"የምትቃወሙስ?"

እዚህ ላይ ጫጫታ ይኖራል ብላ ነበር የጠበቀችው። አልነበረም። አዳራሹ ጸጥ አለ፤ እውነተኛ ጸጥታ። ሩቅ ቦታ አንድ ሰው ሳለ፣ ሳሉም ተሰማ። አንዲት ሴት አይሆንም ለማለት ጊዜ ነበራት፤ ጉሮሮዋን ጠርጋ እንኳ ለማለት ጊዜ ነበራት። ቬርላ ቆማ ነበር። የሰብሳቢዋን መዶሻ እያየች ቶሎ በወረደ አለች በልቧ።

ወረደ። "በሙሉ ድምፅ" አለች ሰብሳቢዋ፤ ፊኛዎቹም ከጣሪያው መውረድ ጀመሩ። ዴል አቀፋት።

"ጉሮሮ አለሽ እኮ" አላት በጆሮዋ። "አደነቆርሽኝ እኮ።"

አውሮፕላን ማረፊያ የተቀበላት ዱዌን ነው። ብዙ መንገድ ከሄዱ በኋላ፣ "ቴሌቪዥን ላይ አየሁሽ" አላት።

"ምን ስሠራ?"

"ፊኛ ከፊትሽ ስትገፊ።"

ሌላ ነገር ይጠይቃት እንደሆነ ጠበቀች። አልጠየቃትም። መኪናውን ቀስ አድርጎ ነዳ፤ ከመንገዱ ግራና ቀኝ በቆሎው ከሰው ቁመት በልጦ ቆሟል።

ልብሷን ሳትቀይር ወደ ኔልዳ ቤት ሄደች። እውነቱን ልትነግራት ነው የሄደችው። በመንገድ ላይ እንዴት እንደምትጀምር እንኳ አዘጋጅታ ነበር፤ "ኔልዳ፣ ቁጭ በይ" ብላ ነው የምትጀምረው። ስትደርስ ግን ኔልዳ ራሷ ቁጭ ብላለች። የተቀቀለ በቆሎ በትልቅ ሳህን ሞልታ፣ ለክረምት ማቀዝቀዣ ውስጥ የምታስቀምጠውን ፍሬ በቢላ ከቆረቆንዳው እየላጠች። ጠረጴዛው ጥግ ላይ የኩባንያው ወረቀት ተዘርግቷል፤ ብዕር ተጋድሞበታል።

"መጣሽ" አለች ኔልዳ። "ያ ሰውዬሽ አልደወለም። ደሞ ይደውልልሻል ብለሽ መልእክት ልከሽልኝ፤ ሁለት ቀን ሙሉ ስልኩን ይዤ ሽንት ቤት ስገባ ኖርኩ።"

"አውቃለሁ።"

"ይተወው። ሰምቼዋለሁ፤ በሙሉ ድምፅ አሉ። እኔ ደግሞ ሙሉ አይደለም አልኩ። የዴል ሚስት ገበያ አዳራሽ አግኝታኝ 'የጓደኛሽም ድምፅ አለበት' ብላ ስትሳለቅብኝ፣ የጓደኛዬ የለበትም፣ እኔ አውቃታለሁ አልኳት። ሰው ሁሉ እየሰማ ነው ያልኳት።" ቢላውን አስቀመጠች። "አልሽ አይደል? አይሆንም አልሽ?"

ቬርላ ወረቀቱን አየች። ከዚያ ኔልዳን አየች። ኔልዳ የጠየቀችው ጥርጥር ይዟት አልነበረም፤ እንደዚያ ስልክ ላይ እንዳለችው፣ ለመስማት ብላ ነው።

"አልኩ" አለች ቬርላ።

"ጮክ ብለሽ?"

"ጮክ ብዬ።"

"ማንም ግን አልሰማሽም።"

"ጫጫታ ነበር።"

 የኔልዳ ዓይን ውሃ ሞልቶ ነበር፤ በክርኗ ጠረገችው፣ እጇ በቆሎ ነዋ። "ወረቀቱን ልፈርም ነበር" አለች። "ዛሬ ጠዋት አውጥቼ ዘረጋሁት። አሁን ከፈረምኩ ካሳ አለው፤ ነገ ካስገደዱኝ ግን ጠበቃ እየከፈልኩ ነው የምሸነፈው። ደክሞኛል ቬርላ። ግን አንቺ እስክትመጪ ልጠብቅ አልኩ።"

"እኮ ፈርሚው" አለች ቬርላ፣ ቶሎ። "ምን ታደርጊዋለሽ? ሁሉም ፈርሟል። ፈርሚና ዕረፊ።"

"አንቺ ያን ሁሉ ሕዝብ ፊት ብቻሽን ቆመሽ አይሆንም ብለሽ፣ እኔ ወጥ ቤቴ ውስጥ ተቀምጬ ልፈርም?" ወረቀቱን አነሳችና በተላጠው ቆረቆንዳ ላይ፣ ለጎረቤት አሳማ በሚሰጠው ባልዲ ውስጥ ከተተችው። "አላብድም። ነዪ እንግዲህ፣ ሁለተኛው ቢላ መሳቢያው ውስጥ ነው።"

ቬርላ ቢላውን አውጥታ ተቀመጠች። እስኪመሽ በቆሎ ላጡ። ኔልዳ አንድ ከረጢት ፍሬ በሞላ ቁጥር ስለ ጉባኤው ትጠይቃለች፤ ሰዉ ዞር ብሎ አየሽ ወይ፣ ዴል ምን አለ፣ ፊቱ እንዴት ሆነ። ቬርላ መለሰች። የዴልን ፊት ቲማቲም አስመስላ ስትነግራት ኔልዳ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

በመከር፣ በቆሎው ከየእርሻው ሲነሳ፣ የቧንቧው ጉዳይ ለሕዝብ የሚሰማበት ስብሰባ በሉተራን ቤተ ክርስቲያኑ የምድር ቤት አዳራሽ ተጠራ። የግዛቱ ሰዎች ከፊት ተቀምጠዋል፤ የኩባንያው ጠበቃ አጠገባቸው። ከሃልቮር ሰው ያልፈረመው ኔልዳና ሁለት ወንድማማቾች ብቻ ነበሩ። ኔልዳ ተራዋ ሲደርስ ስለ አርሎ ቱቦዎች ተናገረች። ጠበቃው ኩባንያው የተጎዳውን ቱቦ ሁሉ እንደሚጠግን በትሕትና አስረዳት። እሷም በትሕትና፣ የት እንዳለ ሳያውቅ ምኑን እንደሚጠግን ጠየቀችው። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞረች።

"ብቻሽን ነሽ ይሉኛል" አለች። "ብቻዬን አይደለሁም። እዚያ ጉባኤው ላይ ሁለቱ ዕጩዎች በተስማሙበት ቀን፣ ያ ሁሉ ሺህ ሰው እሺ ሲል፣ አንዲት ሴት አይሆንም ብላለች። እዚህ ተቀምጣለች።"

ሰው አጨበጨበ። ከኋላ ያሉት ቬርላን ለማየት ተነሱ። ቬርላ አንገቷን ደፋች፤ ሰዉ ትሕትና መሰለውና ይበልጥ አጨበጨበ። በሦስተኛው ረድፍ ዴል ኦስትራንደር እሷን እያየ፣ እጆቹን ከፍ አድርጎ፣ ከሁሉም ጠንክሮ ያጨበጭብ ነበር።

ሰው ሲወጣ በደረጃው ሥር ጠበቃት።

"ጆሮዬ ጤነኛ ነው ቬርላ" አላት። ፈገግ እያለ ነበር፤ ክፉ ሰው አይደለም። "ግን አትጨነቂ። ያን ቀን ማን ምን እንዳለ እኔም ረስቼዋለሁ።"

ቬርላ ካፖርቷን መቆለፍ ጀመረች።

"ቅዳሜ ለባክስተርና ለኬልሶ ቤት ለቤት የሚዞር ሰው አንሶናል። አንቺን የመሰለ የለም፤ በተለይ አሁን፣ ሰዉ እንዲህ ካከበረሽ በኋላ። ጠዋት ቢሮ እንጠብቅሻለን።"

ኔልዳ ከሚጨብጣት ሰው ሁሉ ተላቅቃ መጣች፤ ጉንጮቿ ቀልተው፣ ለዓመታት ያልታየ ደስታ ፊቷ ላይ። መኪናው ውስጥ ገቡ።

"ዴል ምን አለሽ?"

"ምንም። ስለ አየሩ ነው።"

"ተናዶ ነው። ይናደድ።" ኔልዳ ቀበቶዋን አሰረች። ጠበቃው መጨረሻ ላይ በጆሮዋ የነገራትንም አወራቻት፤ ከአዲሱ ዓመት በፊት ፍርድ ቤት ይጠሯታል። ይህን ስትናገር አልፈራችም። "ቅዳሜ እኔ ጋ ነይ" አለች። "ፖሙ ሊበሰብስ ነው፤ አብረን እንለቅመውና ለፍርድ ቤቱ የምለውንም ታዘጋጂኛለሽ።"

ቬርላ ሞተሩን አስነሳች። "ቅዳሜ አልችልም" አለች።

ኔልዳ ለምን ብላ አልጠየቀችም።